ላይብረሪ ውስጥ በአንድ ጠረጴዛ የጀመርኩት የሪሰርች እገዛ

ስታትስቲክስ ነው የማስተምረው፣ ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ላይብረሪ ቁጭ እያልኩ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን፣ አንዳንዴም መምህራንን በሪሰርች አግዛለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ እንዴት እንደጀመርኩትና ምን እንደተማርኩ ልጻፍ ያልኩት ሌላ ካምፓስ ያላችሁ ሰዎች ብትጀምሩት ብዙ ተማሪ ይተርፋል ብዬ ስለማምን ነው።

መነሻዬ አንድ ዲፌንስ ነው። ኤግዛሚነር ሆኜ ገብቼ ተማሪዋን "ይሄን የስታትስቲክስ ቴስት ለምን መረጥሽው?" አልኳት፣ ቀላል ጥያቄ ነበር። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ እንባዋ መጣ። አናሊስሱን ከፍላ ነው ያሰራችው። ልጆች አሏት፣ ስራ ላይ ሆና ነው የምትማረው፣ አድቫይዘሯን በአመቱ ውስጥ ያገኘችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፣ ታዲያ ከግቢው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ "ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ዳታ አናሊስስ እንሰራለን" የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል፣ ምን ታድርግ? እኔ የዛን ቀን የተናደድኩት በሷ አይደለም። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያሳያት ሰው ስላልነበረ ነው።

የላይብረሪውን ኃላፊ ሶኬት ያለው አንድ ጠረጴዛ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፣ ሰጡኝ። በየዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው የለም። ግንቦት ሲገባ ግን ወረፋ ሆነ፣ እና ሁሉም ማለት ይቻላል ዳታ ሰብስበው ጨርሰው ፍላሽ ይዘው ነው የሚመጡት፣ "መምህር፣ አናሊስስ ብቻ ነው የቀረኝ" እያሉ። እውነት አናሊስስ ብቻ የቀረው ሰው እኮ የማገኘው ትንሽ ነው፣ ችግሩ ያለው ወደ ኋላ ሄዶ ነው፣ ኩዌስችነሩ (መጠይቁ) ላይ ወይ ሳምፕሉ (ለጥናቱ የተመረጡት ሰዎች) ላይ፣ ያ ደግሞ ወረቀቱ ከተሞላ በኋላ አይነካም።

ስንት ሰው ልጠይቅ ለሚለው መልስ የሆነችውን 384ን የማያውቅ የኛ ሀገር የማስተርስ ተማሪ የለም። 1.96 ስኩዌር ሲባዛ 0.5 ሲባዛ 0.5፣ ለ0.05 ስኩዌር ሲካፈል 384 ይመጣል፣ ለማይመልሱ ሰዎች 10% ሲጨመር 423። ሲኒየሩ የጻፈውን ጁኒየሩ ይገለብጣል። አንዱ ልጅ ጥናቱ የአንድ ወረዳ መምህራን ላይ ነው፣ በጠቅላላ 600 ናቸው፣ 423 ኩዌስችነር አባዝቶ ግማሹን ሳያስሞላ ብሩ አለቀበት። ጠቅላላው ሰው ጥቂት ስለሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ 384ን ለ600 አካፍለህ 1 ደምረህ፣ በመጣው ቁጥር መልሰህ 384ን ብታካፍለው እኮ 235 ይበቃው ነበር፣ መጠባበቂያው ገብቶ 259። ሌላዋ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሆነባት፣ መጀመሪያ ቀበሌ በእጣ መርጣ ከዛ ቤት ለቤት ነው የሄደችው፣ እንደዛ ሲሆን አንድ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ በ1.5 ወይ በ2 ማባዛት ያስፈልጋል፣ እሷ ግን 423 ላይ ቆማለች። ሊሚቴሽን (የጥናቱ ጉድለት የሚነገርበት ክፍል) ላይ በግልፅ እንድትጽፈው ከማገዝ ውጪ ያደረኩላት ነገር የለም፣ እስካሁን ይቆጨኛል ምክንያቱም ስድስት ወር ቀደም ብላ ብትመጣ የግማሽ ሰዓት ስራ ነበር።

ኩዌስችነር ላይ ደግሞ ቋንቋው ነው ጉዱ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አንድ ሰው ይተረጉመዋል፣ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ከዛ ሁለቱ ይነፃፀራሉ፣ ፕሮፖዛሉ ላይ ሁሉም ይሄን ይጽፋል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂቱ ነው። አንድ ቤት ውስጥ አብረው የሚበሉ የሚኖሩ ሰዎች ስንት ናቸው ለማለት "የቤተሰብዎ ብዛት ስንት ነው?" ብለው ጽፈው አየሁ፣ ሴትየዋ አረብ ሀገር ያለችውን ልጃቸውንም አዲስ አበባ ያገባውንም ቆጥረው ነገሯቸው። ትክክል ናቸው፣ ቤተሰብ ነው የተባሉት! "እዚህ ቤት አብረዋችሁ የሚያድሩና ከአንድ ማዕድ የሚበሉ" ቢባሉ መልሱ ሌላ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚለውም ቀላል ነገር አይደለም፣ ትልቅ ሰውን አንተ ብሎ የሚጀምር ወረቀት እኮ ገና ሳይነበብ በሩን ይዘጋል። እኔ አሁን እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብለው እንዲያነቡልኝ አደርጋለሁ፣ ምላሳቸው ላይ የሚደናቀፈው ጥያቄ ገበሬው ጆሮም ላይ ይደናቀፋል።

ብዙ ተማሪ አሁን በስልክ ነው የሚሰበስበው፣ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ አፕ በነፃ ስለሆነ። ጥሩ ነው፣ ግን የቀን አቆጣጠር ጣጣ አለ። እናትየው "ልጁ 2012 ጥር ነው የተወለደው" ትላለች በኛ አቆጣጠር፣ ዳታ ሰብሳቢው ፈረንጅ ካላንደር የሚጠብቀው ሳጥን ውስጥ 2012 ብሎ ይከታል፣ የልጁ እድሜ ላይ 8 አመት ተጨመረ ማለት ነው። ከአምስት አመት በታች ያሉ ህፃናት የተጠኑበት ዳታ ላይ የ11 አመት ልጅ ሞልቶ አየሁ። መፍትሄው እዛው አፑ ላይ አለ፣ ፎርሙን ስትሰሩ የቀን ጥያቄው አፒራንስ (appearance) የሚለው ቦታ ላይ ethiopian ብላችሁ ካስገባችሁ ስልኩ ላይ መስከረም ጥቅምት እያለ በራሳችን አቆጣጠር ይመጣል፣ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ራሱ ወደ ፈረንጅ ይቀይረዋል። ሰዓትም እንደዛው፣ "3 ሰዓት ተኛሁ" ያለ ሰው ጠዋት ይሁን ማታ ካልተጠየቀ አይታወቅም። ሌላው አማርኛ መልስ ያለበትን ፋይል ዝም ብላችሁ ኤክሴል ላይ አትክፈቱት፣ ፊደሉ ተበላሽቶ የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ኢምፖርት አድርጉትና ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። በዚህ ብቻ ዳታዬ ጠፋ ብሎ እያለቀሰ የመጣ ልጅ ነበር፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አርቲክል ማግኘትን በተመለከተ፣ የኛን ጠረጴዛ ካጠናከሩት ሰዎች አንዷ የላይብረሪው ባለሙያ ናት። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል፣ የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች ለድሃ ሀገራት ተቋማት የሚከፍት ፕሮግራም አለ፣ ሂናሪ የሚባለው የጤናው ክፍሉ በ2002 እ.ኤ.አ. በአለም ጤና ድርጅት የተጀመረ ነው፣ የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ከሚጠቀሙት ወገን ናቸው። የሚሰጠው ግን ለተቋም ነው፣ ዩዘርኔሙና ፓስዎርዱ ላይብረሪው ጋ ነው ያለው፣ እና ተማሪው ላይብረሪው ውስጥ ቁጭ ብሎ ለአንድ አርቲክል 30 ዶላር ክፈል የሚል ገፅ እያየ ሲበሳጭ ፓስዎርዱ አስር ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ከሷ ጋር ሆነን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ስልጠና እንሰጣለን፣ ሪፈረንስ የሚያደራጀውን ዞቴሮ የሚባል ሶፍትዌርም እዛው ላፕቶፓቸው ላይ እንጭናለን። ዞቴሮ ላይ የሀበሻ ስም ስታስገቡ ተጠንቀቁ፣ የአባት ስምን እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም (ሰርኔም) ያደርገዋል፣ ስሙን በአንድ ሳጥን ሙሉውን የማስገባት አማራጭ አለው።

መምህራን ሲመጡ ጉዳያቸው በብዛት ፐብሊኬሽን ነው፣ ፕሮሞሽን ያለ ፐብሊኬሽን የለም። አንድ በጣም የማከብራቸው መምህር "እስኪ ይቺን እያት፣ በአምስት ቀን ተቀብለውኛል" ብለው ኢሜይል አሳዩኝ። በአምስት ቀን ማን ሪቪው ያደርጋል? እርስዎን ማን ምን ብሎ ኮመንት ሰጠዎት ብዬ ጠየቅኳቸው፣ አንድም ኮመንት የለም፣ የባንክ ቁጥር ግን አለ። አብረን ዲኦኤጄ (DOAJ) የሚባለው የነፃ ንባብ ጆርናሎች ዝርዝር ላይ ጆርናሉን ፈለግነው፣ የለም። ኤዲቶሪያል ቦርዱ ላይ ያሉትን ሰዎች ፈለግን፣ የሚገኝ ሰው ጠፋ። እሳቸውም ጆርናሉን ተዉት። ከዛ ደህና ጆርናል ላይ ላኩ፣ ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ከኛ አይነት ሀገር ለሚመጣ ጽሁፍ የማሳተሚያ ክፍያውን ይተዋሉ፣ ግን ብዙዎቹ ጋ ሰብሚት ሲደረግ ነው የሚጠየቀው፣ ከተቀበሉ በኋላ ሲጠየቁ እሺ አይሉም። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አወጣንላቸው፣ 16 ዲጂት ናት፣ በነፃ ነች። ስማችን በላቲን ፊደል በሶስት በአራት አይነት ስለሚጻፍ ለኛ ከማንም በላይ ትጠቅማለች።

በጣም የተቸገርኩበት ነገር እስከየት ልርዳ የሚለው ነበር። መጀመሪያ አካባቢ ላፕቶፑን ተቀብዬ ራሴ ሰርቼ እመልስ ነበር፣ ወረፋው ረጅም ነዋ፣ ቶሎ ያልቃል። አንድ ቀን ግን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ የሚለየኝ ብር አለመቀበሌ ብቻ መሆኑ ገባኝ። ከዛ ወዲህ ኪቦርድ አልነካም። ጎን ተቀምጬ "አሁን የቱን ትጫናለህ? ለምን?" እላለሁ፣ ሶስት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ሰውም ተነጫንጮብኛል፣ አንድ ሁለቱ ጥለውኝ ሄደዋል። ግን በዚህ መንገድ ነው አንዷ ተማሪ የእድሜው አማካይ ለምን እንደበዛ ራሷ ያገኘችው፣ "አልመለሰም" ተብሎ 99 የተሞላውን ኤስፒኤስኤስ (የአናሊስስ ሶፍትዌሩ) እንደ እድሜ ቆጥሮት ነበር፣ ሚሲንግ (መልስ የሌለው) ነው ብላ አልነገረችውም። አግኝታው ስትስቅ ላይብረሪው ዞሮ አያት።

ዛሬ ቢሆን ከመጀመሪያው የምቀይረው፣ ጠረጴዛውን ግንቦት ሳይሆን ጥቅምት ላይ፣ ርዕስ ሲመረጥ ነው የማስተዋውቀው። ከሁለት ዲፓርትመንቶች ጋር ተነጋግረን አሁን ፕሮፖዛል ከመቅረቡ በፊት አንዴ እኛ ጋ እንዲመጡ ይነግሯቸዋል፣ ግዴታ አይደለም፣ ይነገራቸዋል ብቻ። አድቫይዘሮቹ ጋርም መጀመሪያ ላይ መነጋገር ነበረብኝ፣ አንዳንዱ ስራዬን ሊቀማኝ ነው ብሎ ተቀይሞኝ ቆይቷል፣ አሁን ተማሪው የተነጋገርነውን በአንድ ገፅ ጽፎ ለአድቫይዘሩ እንዲወስድ አደርጋለሁ፣ ቅሬታው በዛ ቆመ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ነርስ መጣች፣ ማስተርስ የጀመረች። ፍላሽ የላትም፣ ላፕቶፕም አልያዘችም፣ ደብተር ብቻ። "መምህር፣ ርዕስ እንኳን ገና አልመረጥኩም፣ ቀደምኩ መሰለኝ፣ ልመለስ?" አለችኝ። ኧረ ቁጭ በይ አልኳት፣ ሌላ ወንበር ስቤ። እስከ 11 ሰዓት አወራን፣ ላይብረሪው ሲዘጋ ሐሙስ 8 ሰዓት ተቀጣጥረን ተለያየን።