ሳይቋረጥ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲል ነው የዋለው። ባሕር ዳር ልወርድ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ስደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ወደ ሰፈሬ ማራኪ ተመለስኩ። እናቴ "ይሁን ልጄ፣ ጤና ብቻ ይስጥህ" ብላ ቡና አፈላች፤ እኔን ግን ቡናውም አልጣመኝ።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስልኬን ሲነካካ ሁሌ የማየውን ቪዲዮ አገኘው። "ጋሼ፣ አሁንም አልጨረሱትም እንዴ?" አለኝ።

አልጨረሱትም። ስታር ሲቲዝን የሚባለው የጠፈር ጌም ለሕዝብ የተዋወቀው በጥቅምት 2012 ነው፣ በፈረንጆቹ። በ1990 ዊንግ ኮማንደር የተባለውን ጌም የሠራው ክሪስ ሮበርትስ በ2014 ይደርሳል ብሎ ነበር። ገንዘቡን በአብዛኛው የሚያዋጡት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ያዋጡት ከ700 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ማጭበርበር ነው የሚሉ ሞልተዋል። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ገንዘባቸውን ሰጥተው ነው የሚጠብቁት። እኔ ግን ሳንቲም ሳላወጣ፣ አንዴም ሳልጫወተው፣ በቪዲዮ ብቻ እያየሁ ወደድኩት። ለምን እንደሆነ ዛሬ ነው በደንብ ያሰብኩት።

ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ከአልጋው ይነሳል። በሩን ከፍቶ ይወጣል፣ በሊፍት ይወርዳል፣ ባቡር ይዞ የጠፈር መርከቦቹ የሚቆሙበት ይደርሳል። መርከቡን አስነስቶ ከከተማው በላይ ሲወጣ ሰማዩ እየጠቆረ ይሄዳል፣ ከዋክብቱ ይወጣሉ፣ ከዚያ ሌላ ጨረቃ ላይ ያርፋል፤ ወርዶም በእግሩ ይራመዳል። በዚህ ሁሉ መሃል "እየጫነ ነው፣ ይጠብቁ" የሚል ነገር አይመጣም። ከአልጋው እስከ ጨረቃዋ መንገዱ አንድ ነው።

ሰው የሚያወራለት ውጊያውን ነው፤ ልጁም የሚወደው እሱን ነው። እኔ ተኩሱ ሲጀመር አሳልፈዋለሁ። የተኩስ ድምፅ ለእኔ ጨዋታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

ያቺ ያልተቋረጠች መንገድ ግን ስንት ልፋት አላት! ድሮ የጌም ሞተሮች፣ ማለትም ጌም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች፣ የሚጠቀሙበት የቁጥር አያያዝ ከመነሻው ነጥብ በጣም ሲርቁ ትክክለኛነቱን ያጣል፤ ዕቃው ሁሉ ባለበት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የቦታ ስሌቱን ቁጥሩን በበለጠ ጥራት ወደሚይዘው 64 ቢት ቀየሩት። ከዚያም ተጫዋቾቹን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ፣ ጣጣ መጣ። ስታንተን የሚሉት ሥርዓተ ፀሐይ አራት ፕላኔቶቹንና ጨረቃዎቻቸውን ይዞ ለዓመታት በአንድ ሰርቨር ላይ ነበር የሚሠራው፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ሁሉም ከያለበት ይባረራል። በታኅሣሥ 2024 የወጣው 4.0 የሚሉት የጌሙ እትም ነው ሸክሙን ለብዙ ሰርቨሮች ያከፋፈለው፤ ፓይሮ የሚባል ሁለተኛ ሥርዓተ ፀሐይም አብሮ ተከፈተ። አሁን መርከቡ ከአንዱ ሰርቨር ድርሻ ወደ ሌላው ሲሻገር አብራሪው እንዳይታወቀው ነው የሚለፉት። ኬላ የለም። ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ የሚለው የለም።

ሰዎች ይህን ያህል ዓመት የደከሙት አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የፈለገበት ሳይቆም እንዲደርስ ነው። እንዴት አልወደውም?

መጨረስ ደግሞ መቁረጥን ይጠይቃል። መጀመሪያ ቃል የተገባው 100 ሥርዓተ ፀሐይ ነበር፤ በጥቅምት 2024 ግን 1.0 የሚሉት ሙሉው ጌም በ5 እንደሚወጣ ተናገሩ። ለእኔ አምስቱ ይበቁኛል፣ በመካከላቸው የሚያቆም ነገር እስከሌለ ድረስ። የምፈራው ለመጨረስ ሲጣደፉ ያቺኑ መንገድ እንዳይቆራርጧት ነው። ብቻን የሚጫወቱት ሌላው ጌማቸው ስኳድሮን 42 ለ2026 ተቀጥሯል፤ እኔ የምጠብቀው ግን ሰው ያለበትን ነው።

ጌሙ በ45 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ የሚከብደው እሱን የሚችለው ኮምፒውተር ነው። ለሌላ ነገር ያስቀመጥኳት ብር አለችኝ። እስኪያልቅ ልጠብቅ? ወይስ መንገዷ አሁን ክፍት እያለች፣ ከነጉድለቷ ልግባባት?