ዝሆን ካጣህ ግመል አሳያቸው

ቢሮ ቁጭ ብሎ የሐረር ጉብኝት ፕሮግራም ላይ «ዝሆን» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን እንኳ ኤረር ሸለቆ ወርዶ ቢያይ ደስ ይለኛል።

አንድ ጊዜ ለማስጎብኘት የያዝኳቸው ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። በግንብ የታጠረውን የድሮውን ከተማ፣ ጀጎልን፣ ጨርሰናል። በሮቹን፣ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት፣ ማታም ጅብ ማብላቱን። ሴትዮዋ ለጅቡ በእንጨት ሥጋ አጉርሳ ደስታዋ ሌላ ነበር። ጠዋት ግን ባልየው ወረቀቱን አወጣና «ዛሬ ዝሆን ነው አይደል?» አለኝ። ወረቀቱ «ይታያል» ነው የሚለው። «ሊታይ ይችላል» ብሎ ነገር የለም።

የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዝሆኖቹ ደግሞ ውኃና ቅጠል እየተከተሉ ኤረር ሸለቆ ሲሏቸው ጎበሌ ሸለቆ ናቸው። ያገኘነው የተሰባበረ ቁልቋልና አንድ ክምር ፋንድያ ነው። ስካውቱ (የመጠለያው ጠባቂ) በዱላው ገልበጥ አድርጎ ውስጡን አየና «የትናንት ነው» አለ። ባልየው ጎንበስ ብሎ ፎቶ አነሳ፤ ቀና ሲል ሰዓቱን አየ። አስጎብኚ የሆነ ሰው ይቺን ሰዓት ማየት ያውቃታል።

ኔትወርክ ሳገኝ ቢሮ ደወልኩ።

«ዝሆን የለም።»

«እንዴት የለም? ሰዎቹ ከፍለዋል እኮ!»

«ዝሆኑ አልተከፈለውማ።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «በቃ፣ ዝሆን ካጣህ ግመል አሳያቸው» ብሎ ዘጋው።

ስልኩ ድምፁ ወደ ውጭ ነበር። ሾፌራችን ባቢሌ ከተማ እስክንገባ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እንዲያውም እስካሁን ትዝ ሲለኝ ይተናነቀኛል።

ደግነቱ ገበያ ቀን ነበር። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ወደ ግመል ተራ ወሰድኳቸው። ሻጭና ገዢ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ዋጋ ይነጋገራሉ፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ ስንት እንደተባለ አያውቅም። ባልየው እዚያው ተተከለ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ሚስትየው ብትጎትተው ወይ ፍንክች። ማታ የሰጠኝን ጉርሻ አልናገርም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ስልኩን የዘጋብኝ ሰውዬ ተነስቶ ስለ አዲስ ፓኬጅ ማብራሪያ ሰጠ። የባቢሌ ግመል ገበያ፣ ልዩ ተሞክሮ። ቢሮው አጥንቶ ያመጣው ነው ተባለ። ዝሆኑም ከፕሮግራሙ አልወጣም፤ «ይታያል» እንዳለ ነው።

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የደሞዝ ሳምንት ነበር።