የ9 ቁጥሯ ቦርሳዬ

አንድን ሽማግሌ ጥበቃ ሰው ፊት ጮኼባቸዋለሁ። ወሬውን ከዚያ ብጀምር ይሻላል። የጠፋው ቦርሳዬ እጄ የገባው በአምስተኛው ቀን ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ያባከንኳቸው ራሴ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሐዋሳ ቅዳሜ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። ፒያሳ አካባቢ ባጃጁ፣ ብስክሌቱ፣ ሙሽራው ሁሉ አንድ ላይ ይወጣል። እኔ ብስክሌቴን እየነዳሁ ከደንበኛዬ ሱቅ ወደ ቤት ስመለስ ዘይትና ሳሙና ትዝ አለኝ። አንድ ሱፐርማርኬት ጎራ አልኩ። ስሙ ይቅር።

ሥራዬ ሂሳብ መያዝ ነው። የሦስት አራት ትናንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ እሠራለሁ። ያን ቀን ጥቁር የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ቻርጀር፣ ፍላሽ፣ ግማሽ ዳቦና የአንዲት ደንበኛዬ ሁለት የደረሰኝ ጥራዞች ነበሩ። ላፕቶፑ ደግነቱ ቤት ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከጥራዞቹ ይልቅ ላፕቶፑ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር። የደረሰኝ ጥራዝ ተራ ወረቀት አይደለም። በግብር ሰብሳቢው ፈቃድ የሚታተም፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ነው። አንዲት ቅጠል ከመሃል ብትጎድል «የት ሄደች?» ይባላል። የሰው ጥራዝ ይዤ ጠፋብኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሂሳብ የሠራ ሰው ይገባዋል።

በር ላይ ጋሼ ተቀበሉኝ። ስልካቸውን በትከሻና በጆሯቸው መሃል ሸጉጠው «ኧረ ነገ ይደርሳል በላት!» ይላሉ ለሆነ ሰው። ቦርሳዬን ሳያዩኝ ተቀበሉና አንድ ቁጥር አንጠለጠሉበት፤ መንታዋን ለእኔ ሰጡኝ። ከፕላይውድ የተቆረጠች፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ቀጭን ሽቦ የገባባት ቁራጭ ናት። በጥቁር ማርከር 9 ተብሎ ተጽፎባታል።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ መደርደሪያውን አዩ፣ ደግመው አዩ። ከዚያ አንድ ጥቁር ቦርሳ አወረዱልኝ። ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ቀለለኝ። የእኔ አይደለም።

«ጥቁር አይደል ያልሽኝ የኔ ልጅ? ይሄው ጥቁር።»

እዚህ ጋ ነው የፈነዳሁት። ዓይንዎን የት ጥለውት ነው፣ ስልክ ሊያወሩ ነው ወይ የቆሙት፣ ያላልኩት የለም። ካሸሯ ሥራዋን ትታ ታየኛለች። በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ጋሼ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «6 አይቼ ነው ለሰውዬው የሰጠሁት።» ውሸታቸውን ነው አልኩ በልቤ።

ሥራ አስኪያጁ ወጣ። ልጅ ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። «እህቴ፣ ጥበቃው የእኛ ሠራተኛ አይደለም፣ የኤጀንሲ ነው» አለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኝ። «ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። አላበቃም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፈለግሽ ሽማግሌውን እናስነሳቸዋለን» ብሎ ጨመረ። ቦርሳ ጠፍቶብኝ ሰው ሊሰጠኝ! የእሳቸው መባረር ለደንበኛዬ ደረሰኝ አይሆናት። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም። እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

የካሜራውን ምስል እንዲያዩልኝ ጠየቅኩ። «10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የገባሁት» አልኩ። ባለሙያው ሰኞ ነው የሚመጣው ተባለ። ትቼ ወጣሁ። ቁጥሯን አልመለስኩም፤ ብልህነት እንዳይመስላችሁ፣ በንዴት ኪሴ ከትቻት ነው።

ያን ማታ ተቀምጬ አቤቱታ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። «ግዴለሽ»፣ «ሥነ ሥርዓት የጎደለው»፣ «ሙያውን የማያውቅ»፣ አንዷንም አልማርኩ። ሳነበው ደስ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ጥበቃ ኤጀንሲው ቢሮ ወሰድኩት። ጸሐፊዋ ሁለት መስመር አንብባ «ውላችን ከሱፐርማርኬቱ ጋር ነው፤ እርስዎን አናውቅም» ብላ መለሰችልኝ። ሱፐርማርኬቱ ስሄድ ደግሞ የካሜራው ባለሙያ «አይተነዋል፣ ምንም የለም» አለ። ቦርሳም፣ እኔም፣ ሰውዬውም የለም። ሁሉም ሰው ተማክሮ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

ማታ አጎቴ ቤት ሄድኩ። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ ጡረተኛ ነው። ደብዳቤዬን መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ከዚያ «መልካም» አለ። «ምን እንዲያደርጉልሽ ነው የጠየቅሻቸው?»

ወረቀቱን ተቀብዬ ፈለግኩ። የለም። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ስሳደብ ቦርሳዬ እንዲፈለግ እንኳ አልጠየቅኩም።

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«10 ሰዓት ከሩብ።»

«በማን ሰዓት?»

ቆይቶ ገባኝ። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ልጁ ያየልኝ 10:15ን፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብን ነው። እኔ ያን ጊዜ ገና ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሊያገኙኝ የሚገባው 16:15 ላይ ነው። ካሜራ ያለበት ቦታ አቤቱታ የምታቀርቡ ሰዎች ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ። ደግሞም ቶሎ በሉ፤ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ማስቀመጫቸው ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ነው የሚቀዱት።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ አሳፈረኝ። ቁጥሯን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ነበር። አጎቴ ሽቦዋን ይዞ አነሳት። ቁራጯ ዞር ዞር ብላ ቆመች።

«6» አለ።

የ9ኟን ቀዳዳ የበሳው ሰው በታች በኩል ነው የበሳው። እጅ ላይ ስትያዝ 9 ናት፣ ስትንጠለጠል 6። መንታዋም እንደዚያው ብትሆን ነው። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ሁለት 6 ተንጠልጥለው ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱም ጥቁር ቦርሳ ላይ። ጋሼ አልዋሹም።

ይህ ሲባል ጥፋት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ስልክ እያወሩ ነበር። ፊቴን አላዩም። የሚፈልጉትን ቁጥር ሲያጡ ቆም ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ጥቁር ቦርሳ አነሱ። ግዴለሽነት ማለት ይኸው ነው። ግን የበሳው ሌላ፣ የተሰደበው ሌላ።

ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍነው። አጎቴ ቅጽል ባየ ቁጥር እየሰረዘ፣ እኔ እየተነጫነጭኩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማች በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ይህንን እናስገባው ስል አጎቴ ሳቀብኝ። «የሰደብሽው አንቺ ነሽ እኮ!» ተውነው። የወጣው ደብዳቤ ይህ ነው፦

«ለሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በር ላይ ያስረከብኩት ቦርሳ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ይመለከታል

ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ15 (በካሜራችሁ 16:15) ጥቁር የጀርባ ቦርሳዬን በር ላይ አስረክቤ ቁጥር 9 ተቀብያለሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የተሰጠኝ የሌላ ሰው ቦርሳ ነው። በቦርሳዬ ውስጥ ሁለት የደረሰኝ ጥራዞች፣ ፍላሽና ቻርጀር ነበሩ። የቁጥር 9 ቀዳዳ ከታች የተበሳ ስለሆነ ሲንጠለጠል 6 ሆኖ ይነበባል፤ ቁጥሩ በእጄ ይገኛል። ስለዚህ ከ16:10 እስከ 16:40 ያለው ምስል ሳይጠፋ አብረን እንድናየው፤ የቀረው ቦርሳ በሁላችን ፊት ተከፍቶ ባለቤቱ እንዲፈለግ፤ ጥራዞቹ እስከ ዓርብ ካልተገኙ ሁኔታውን የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ግልባጭ፦ ለጥበቃ ኤጀንሲው፣ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት»

«አሠሪያቸው ማን እንደሆነ እኮ አላወቅኩም» አልኩት። አጎቴ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውንም ተጠያቂ እንደሚያደርግ ነገረኝ። «አሠሪው እኔ አይደለሁም የሚለውን እነሱ እርስ በርስ ይጨርሱት። ግልባጭ የተፈጠረው ለዚህ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ኮፒ ይዤ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ተቀብሎ ሊያስቀምጥ ሲል ሁለተኛውን ዘረጋሁለት፤ «ተቀብያለሁ» ብሎ፣ ቀን ጽፎ፣ ማህተም እንዲመታበት። ማንገራገር ጀመረ። ዓይኑ ግልባጭ የምትለው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ቁጭ በይ እንጂ። ሻይ ይምጣልሽ?» ስለ ግድግዳው ወረቀት ራሱ አነሳው። ቦርሳዬን እኔ ጥዬው ብሄድ ልክ ነህ አልኩት፤ ካላስረከብሽ አትገቢም ብላችሁ ከተቀበላችሁኝ በኋላ አላየንም ማለት እንዴት ይሆናል? መልስ አልሰጠኝም፤ የካሜራውን ልጅ ጠራ።

16:31 ላይ አገኘነው። አንድ ሰው ነው። የተኛ ሕፃን ትከሻው ላይ አስደግፎ በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል። ጋሼ የእኔን ቦርሳ ሌላኛው ትከሻው ላይ አነገቱለት። ሳያየው ባጃጅ ገብቶ ሄደ።

ሌላም ነገር አየሁ። እኔ ውስጥ በቆየሁባቸው 20 ደቂቃዎች ጋሼ ሰባት ጊዜ በሩን ትተው መንገድ ላይ ወጥተዋል። መኪና ሊያስቆሙ፣ ብስክሌት ሊያስተካክሉ። የእኔንም ብስክሌት ጭምር። መፈተሽም፣ ቦርሳ መቀበልም፣ ፓርኪንግም የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሥራ አስኪያጁ ምስሉን አብሮኝ እያየ ዝም አለ።

የቀረውን ቦርሳ እሱ፣ ካሸሯ፣ ጋሼና እኔ ባለንበት ከፈትነው። ካሸሯ በስልኳ ቀዳችው። ብቻዬን ከፍቼው ቢሆን «ብር ነበረው» ቢባል ምን እመልሳለሁ? ውስጡ ጋቢ፣ አዲስ የሕፃን ጫማ፣ የሳል ሽሮፕና ዲላ ያለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ተገኘ። ክሊኒኩ ተደወለለት። የታካሚ ስልክ አንሰጥም አሉ፤ ልክ ናቸው። የእኛን ቁጥር ተቀብለው ለሰውዬው አደረሱለት። ሰዓት ሳይሞላ ደወለ።

«ደረሰኙ አለ፣ አልተነካም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። እሱም ቅዳሜ ማታ ቤቱ ደርሶ ቦርሳውን ሲከፍት ደንግጧል። የሱፐርማርኬቱን ስም አያስታውስም። «ሽሮፑ?» አልኩት። «እሱንማ ሌላ ገዛን» አለ።

ረቡዕ በጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረዳት ላኩት ያሉኝ ነበሩ፤ ጥራዝ ግን በረዳት አይላክም። ዲላ መናኸሪያ ቆመን ቦርሳ ተለዋወጥን። ሕፃኑ አዲሱን ጫማ እዚያው አደረገ። የእኔ ግማሽ ዳቦ አረንጓዴ ሆኗል። ጥራዞቹን ቅጠል በቅጠል ቆጠርኳቸው፣ አንድም አልጎደለም።

የትራንስፖርቱን ደርሶ መልስ ሱፐርማርኬቱ ከፈለኝ። ሥራ አስኪያጁ «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። ለሂሳብ ሠራተኛ! የሚኒባስ ደረሰኝ ከየት ላምጣ? ወረቀት ላይ ፈርሜ ወሰድኩ።

ኤጀንሲው ከጋሼ ደሞዝ ላይ እንደቆረጠ ሰማሁ። ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔ ያልጠየቅኩት ነገር ነው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህ መንገድ እንደጠረገ አውቃለሁ። ሐሙስ ሄጄ ሰው ፊት የተናገርኩትን ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ካሸሯ ሰማች። «እኔም ስልኩን ማንሳት አልነበረብኝም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ነበር» ብለው ጨመሩ። ምን እንደምል ጠፋኝና ድና እንደሆነ ጠየቅኩ። ወጥታለች።

አሁን ለፓርኪንጉ ሌላ ወጣት ቀጥረዋል። ቁጥሮቹም በቀለም እንደገና ተጽፈዋል፤ ከ5 ቀጥሎ 7፣ ከ8 ቀጥሎ 10 ነው። 6ንና 9ን ጨርሰው አውጥተዋቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ 18 ሰጡኝ። እያዩኝ ገለበጥኳት። 81።

«የለም» አሉኝ እየሳቁ፤ «የመጨረሻው 30 ነው።»