ፖትስዳም፣ የመለሎዎቹ ከተማ

ከበርሊን ፖትስዳም ለመሄድ ኤስ 7 የተባለውን የከተማ ባቡር ይዞ እስከ መጨረሻው መቀመጥ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ የሚሄደው የሳንሱሲን ቤተ መንግሥት ለማየት ነው። እኔን የሳበኝ ግን የፕሩሺያ፣ ማለትም የድሮው የጀርመን ምድር መንግሥት፣ አንድ እግረኛ ሬጅመንት ነው። አብሮኝ የመጣው ወዳጄ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ሆን ብዬ ነው ያመጣሁት።

ሬጅመንቱ የተመሠረተው በ1675 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኋላ በሠራዊቱ ዝርዝር ቁጥር 6 ተብሏል። ስሙ የገነነው ግን ቀዳማዊ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም በ1713 ከነገሠ ወዲህ ነው። ይህ ንጉሥ ቋጣሪ ነበር። ዙፋን ላይ እንደወጣ የአባቱን የግብር፣ የጌጥና የአሽከር ወጪ ቆራረጠው። በአንድ ነገር ብቻ እጁ ይፈታ ነበር፤ ረጅም ወታደር ሲያይ። እሱ ራሱ አጭርና ወፍራም ሆኖ፣ በሬጅመንቱ ለመግባት ግን 1 ሜትር ከ88 ገደማ መሆን ያስፈልግ ነበር። ሕዝቡ «ላንገ ኬርልስ» ይላቸዋል፤ ረጃጅሞቹ ጎረምሶች እንደማለት። በዚያ ላይ ሹል ባርኔጣ ያደርጉላቸዋል፣ የባሰ ረዝመው እንዲታዩ።

ከጣቢያው ወጥታችሁ የሃፈልን ወንዝ በድልድዩ ስትሻገሩ በግራ በኩል ሉስትጋርተን አለ። ስሙ የመዝናኛ አትክልት ነው። ንጉሡ ግን አበባውን ነቅሎ የሰልፍ ሜዳ አደረገው። ዛሬ ሣር፣ የውኃ ገንዳና አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ነው። መለሎዎቹ ከጦር ሜዳ ይልቅ ብዙ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚህ ነው፤ ግራ ቀኝ ሲዞሩ።

ወዳጄን ሜዳው መሐል አቁሜ ፎቶ አነሳሁትና «አንተማ አታመልጥም ነበር» አልኩት።

«ደመወዙ ስንት ነው?» አለኝ።

ነገሩ ደመወዝ ላይ አይደለም። ቀጣሪዎቹ አውሮፓን ያስሱ ነበር። በውድ ያልመጣውን በገንዘብ፣ በገንዘብ ያልመጣውን በማታለል፣ ያም ካልሆነ በጠለፋ ያመጡታል። ጄምስ ኪርክላንድ የተባለው አየርላንዳዊ 2 ሜትር ከ17 ነበር ይባላል። ኋላ በሥነ ጽሑፍ ሊቅነቱ የታወቀው ዮሐን ክሪስቶፍ ጎትሼድ በ1724 ከኮኒግስበርግ ወደ ላይፕሲግ የሸሸው ቁመቱ እንዳያስበላው ፈርቶ ነው። ተማሪ ቁመቱን ፈርቶ አገር ሲለቅ አስቡት።

የገባ ደግሞ አይወጣም። ከተማዋን የከበበው ግንብ የተሠራው ጠላትን ለመመከት አይደለም። ኮንትሮባንድን ለመከልከልና ወታደር እንዳይከዳ ነው። በ1733 የተሠራው የየገርቶር በር ዛሬም ቆሟል። ሲኮበልል የተያዘ ወታደር በሁለት ረድፍ በቆሙ ጓዶቹ መሐል እየተገረፈ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር።

ካምፕ የሚባል ነገር ስላልነበረ ወታደሮቹ የሚያድሩት ሰው ቤት ነው። ንጉሡ ለነዋሪው ቤት ይሠራለታል፣ ነዋሪው ደግሞ ወታደር ያሳድራል። የድሮዎቹን መንገዶች ስትሄዱ ቀና በሉ። በጣሪያው መሐል ወደ መንገድ የምታይ አንዲት ክፍል አለች። ወታደሮቹ እዚያች ውስጥ ይታጨቁ ነበር። ሆላንዳውያን ባለሙያዎችን ለመሳብ በቀይ ጡብ የተሠሩት 134 ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። የመጡት ሆላንዶች ጥቂት ስለነበሩ በብዙዎቹ ቤቶች ሌላ ሰው ገባ፤ ወታደርም ጭምር። ዛሬ ሰፈሩ ካፌ በካፌ ነው። እኛም ቡና ጠጣን፤ ዋጋው ያስደነግጣል።

ሊንደንሽትራሰ 54 የሚገኘውን የጡብ ቤት ንጉሡ ያሠራው ለዘበኛው ጦር አዛዥ ነበር። በኋላ የናዚዎች እስር ቤት ሆነ፣ ከዚያ የምሥራቅ ጀርመን የደኅንነት መሥሪያ ቤት ወሰደው። አሁን መታሰቢያ ነው። እዚያ ብዙም አልቀለድንም።

በከተማዋ የመለሎዎቹ ነገር እንደ ቀልድ ነው የሚወራው። ልብሳቸውን ለብሶ ሰልፍ የሚያሳይ ማኅበርም አለ። እኔ ግን ሳቄን የዘጋው የንጉሡ የንግድ መዝገብ ነው። በ1716 በአምበር (እንደ ድንጋይ በጠጠረ የዛፍ ሙጫ) የተሠራ ሙሉ የክፍል ግድግዳ ለሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ ሰጠ። ጴጥሮስም ረጃጅም ወታደሮች ላከለት። በ1717 ከሳክሶኒው ገዥ ከአውጉስት ጋር ተዋውሎ 151 የፖርሴሊን ዕቃ ሰጠና 600 ወታደር ተቀበለ። እነዚህ የገቡት ወደ ፈረሰኛ ክፍል ነው። ትልልቆቹ ጋኖች ዛሬም ድሬስደን ውስጥ ይታያሉ፤ «የድራጎን ጋኖች» ይባላሉ፤ ድራጎን የፈረሰኛ ወታደር ስም ነው።

በዚያው በ1717 ደግሞ በዛሬዋ ጋና የባሕር ዳርቻ በአያቱ ዘመን የተሠራውን ምሽግ፣ ግሮስ ፍሪድሪኽስቡርግን፣ ለሆላንዶች ለመሸጥ ተስማማ። ከዚያ ምሽግ ባሪያ ይጫን ነበር። ዋጋው 7,200 የወርቅ ዱካትና 12 አፍሪካውያን ነው። ከ12ቱ ስድስቱ የወርቅ ሰንሰለት ያጠለቁ እንዲሆኑ በውሉ ሰፍሯል። በመለሎዎቹ ሬጅመንትም ዋሽንት የሚነፉ ጥቁር ሙዚቀኞች ነበሩ። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ሰንሰለቱ ለማን ጌጥ ነው?» አለ።

የጋርኒዞን ቤተ ክርስቲያን ማማ እንደገና ተሠርቶ በ2024 ተከፍቷል። ንጉሡ ያሠራው ለወታደሩ ነበር፣ በ1740 የተቀበረውም እዚያው ነው። ከ1933 በኋላ ግን ቦታው ሌላ ትዝታ አለው፤ ሂትለርና የጊዜው ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ የተጨባበጡት በዚሁ በር ነው። በ1945 ቦምብ አነደደው፣ ፍርስራሹንም በ1968 አፈነዱት። መልሶ ይሠራ አይሠራ በሚለው ጀርመኖች ለዓመታት ተነታርከዋል። እኔ «አይሠራ» ከሚሉት ወገን ነኝ። ይሁንና ማማው ላይ ወጣን፤ ከተማዋ ከላይ ስትታይ ቆንጆ ናት።

አባት እንደሞተ ልጁ ዳግማዊ ፍሪድሪኽ ሬጅመንቱን በተነው። በቁመት ድል አይገኝም ብሎ መሆን አለበት። አንድ ሻለቃ ጦር ብቻ ለመታሰቢያ አስቀርቶ፣ ገንዘቡን ተራ ቁመት ላላቸው ወታደሮች አዋለው። አባቱ ሠራዊቱን ወደ 80 ሺህ አድርሶት ነበር፤ እንደ ብርቅ ዕቃ ያስቀመጠውን ልጁ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የኦስትሪያ ወደ ነበረችው ሽሌሲያ አዘመተው። የቀረውም ሻለቃ በ1806 ናፖሊዮን ፕሩሺያን ሲደቁሳት አብሮ አከተመ።

የንጉሡ ሬሳ ሣጥን በጦርነቱ ጊዜ ወጥቶ፣ በጨው ማዕድን ጉድጓድ ተደብቆ፣ ብዙ ዞሮ በ1991 ተመልሷል። አሁን በሳንሱሲ ፓርክ ፍሪደንስኪርኸ አጠገብ ባለው መካነ መቃብር ነው። ጎብኚው ግን ሽቅብ ወደ ልጁ መቃብር ይጎርፋል፤ ገበሬው ድንች እንዲተክል ስላዘዘ ድንች ያስቀምጥለታል። አባትየው ጋ እኛ ብቻ ነበርን።

ጊዜ ካላችሁ ኮኒግስ ቩስተርሃውዘን ወዳለው የአደን ቤተ መንግሥቱም ሂዱ። ሪህ ሲያሠቃየው የሣላቸው ሥዕሎች እዚያ አሉ፤ «በሥቃይ ውስጥ ሣለው» ብሎ በላቲን ይፈርምባቸው ነበር። እንደ ሠዓሊ ደካማ ነው። ኤስ 46 ያደርሳችኋል። ሰኞ ግን ዝግ ነው።