ሂያጅና ነዋሪ ወፎች፦ ከጋይሳይ ጨፌ እስከ ሳነቲ ውርጭ

ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ የሚሄደው መንገድ ዲንሾ ከተማ ሊገባ ሲል የጋይሳይን ጨፌ ታክኮ ያልፋል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ የሌሊቱ ውርጭ ሣሩ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ነበር። ከርከሮዎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ይግጣሉ፣ የደጋ አጋዘኖች ከቁጥቋጦው ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። አብዛኛው መንገደኛ እዚህ የሚቆመው ለአጋዘኑ ነው፤ ፎቶውን አንስቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። ወፍ ለማየት የመጣ ሰው ግን ለዚህች ሜዳ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቢይዝላት አይቆጨውም።

ወቅቱን የመረጥነው አስበንበት ነው። በባሌ ደጋ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው መጋቢት ገደማ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በጋውን እኛ ዘንድ ያሳለፉት ወፎች ደግሞ በዚያው ሰሞን ወደ ሰሜን መመለስ ይጀምራሉ። ስለዚህ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት አንዱ ረግረግ ላይ ሁለት ዓይነት ወፍ ይገናኛል፦ ለመሄድ የሚሰባው ሂያጅና ጎጆ ለመሥራት የሚዘጋጀው ነዋሪ። ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሂያጆቹን ያጣል። ጥር ላይ የመጣ ደግሞ ብዙ ወፍ ያያል፣ ግን ገና ፈዛዛ የላባ ልብሳቸውን ስላልቀየሩ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ቆቅ፣ ዝይ፣ ንስር፣ ጭልፊት ብለን በጥቅሉ የምንጠራቸው ወፎች እያንዳንዳቸው ብዙ ዓይነት ናቸው። አስጎብኚዎቹም ዝርዝሩ ላይ ሲደርሱ የእንግሊዝኛውን ስም ነው የሚጠሩት። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ልብስ መቀየር ያልኩት በቢጫው ዋግቴል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጭራውን ሽቅብ ቁልቁል እየወዘወዘ በከብት እግር ሥር የሚሯሯጠው ትንሽ ወፍ ነው። በጋውን ሙሉ ሁሉም ፈዛዛ ቢጫና ግራጫ ስለሚሆኑ አንድ ይመስላሉ። መጋቢት ላይ ግን ወንዶቹ ለእርባታ የሚሆን ላባ ያወጣሉ፤ ያኔ አገራቸው ጭንቅላታቸው ላይ ተጽፎ ይመጣል። ጭንቅላቱ እስከ ጉንጩ ጥቁር፣ ከዓይኑ በላይ ምንም ነጭ መስመር የሌለው ከሆነ መድረሻው የባልካን አገሮች፣ ቱርክ ወይም የካውካሰስ አካባቢ ነው። አናቱ ጥቁር ግራጫ፣ ጉንጩ የጠቆረ ሆኖ የዓይን መስመሩ የጠፋ ወይም እምብዛም የማይታይ ከሆነ ወደ ሰሜን ስካንዲኔቪያና ወደ ሰሜን ሩሲያ ይሄዳል። አናቱ ሰማያዊ ግራጫ፣ ከዓይኑ በላይ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ያለው ደግሞ የመካከለኛው አውሮፓ ነው። ጋይሳይ ላይ ከአንድ የላም መንጋ ሥር ሦስቱንም ዓይነት ማየት ይቻላል። ሴቶቹን ለመለየት ጊዜ አያባክኑ፤ ልምድ ያለውም ሰው ይሳሳታል።

የዋግቴል መንጋ ለማየት ከብቱን መቅረብ ሳይሆን ከብቱ እስኪመጣ መቆም ነው። ላሞቹ በራሳቸው ፍጥነት እየጋጡ ሲመጡ ወፎቹም አብረው ይመጣሉ፤ ሰው ወደ እነሱ ሲራመድ ግን ከ40 ሜትር ላይ ይነሳሉ።

ከዚያው ጨፌ ውስጥ፣ ውሃው ሣሩን ከፍሎ በሚያልፍበት ቦይ ዳር ሩጄትስ ሬይል አለ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ሌላ የትም አይገኝም። ዶሮ የሚያክል አይደለም፤ ከጫጩት ከፍ ይላል። ጀርባው የወይራ ቡኒ፣ ደረቱ የሸክላ ቀይ ነው። ሬይል የሚባሉት ወፎች በሌላው ዓለም ድምፃቸው እንጂ አካላቸው የማይታይ ስውሮች ናቸው፤ የባሌው ግን ግልጽ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። በየሁለት እርምጃው ጭራውን ቀጥ ሲያደርግ ከሥሩ ያለው ነጭ ላባ እንደ መሐረብ ብልጭ ይላል። መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ያ ነጭ ነው። ሰዎች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት ወደ ሣሩ ገብተው መከተል ነው፤ ወፉ አይበርም፣ ጎንበስ ብሎ በቦዩ ውስጥ ሮጦ 30 ሜትር ርቆ ይወጣል፣ እርስዎ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚትዎ ጭቃ ውስጥ ቀርተዋል። ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ይበልጣል። አንዱ ሲጮህ (ድምፁ ስል ነው፣ እየወረደ የሚሄድ ጩኸት) ሌላው ከወዲያ ማዶ ይመልሳል፤ ያኔ ሁለቱ የት እንዳሉ ታወቀ ማለት ነው። በስልክ የተቀዳ ድምፅ ከፍቶ መጥራት ግን በዚህ ወቅት ነውር ነው፤ ጎጆ ሊሠራ የሚሯሯጥ ወፍ የሌለ ባላንጣ ፍለጋ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ሣሩ አጥሮ መሬቱ እርጥብ በሆነበት ክፍል ስፖት ብረስትድ ላፕዊንግ ይገኛል፦ አናቱ ጥቁር፣ ደረቱ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ከዓይኑ ፊት ትንሽ ቢጫ ሥጋ ያለው። የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቆሞ ሳለ ከመሬቱ አይለይም። ጥንድ ሆነው እየጮኹ በአናትዎ ላይ ከዞሩ እንቁላል ወይም ጫጩት አጠገብ ቆመዋል ማለት ነውና በመጡበት ዱካ ይመለሱ። ይህ ወፍ የሚጎዳው በጎብኚ ብቻ አይደለም፤ ጎጆው ሜዳ ላይ ያለች ጎድጓዳ ብቻ ስለሆነች መንጋ ሲያልፍባት ትረገጣለች።

ዲንሾ ላይ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። የመግቢያ ትኬቱንና አስጎብኚውን እዚያው ጨርሶ መሄድ ይሻላል፤ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ለአንድ ወረቀት ተብሎ የሚመለሱበት መንገድ አይደለም። አስጎብኚ ሲመርጡ «ወፍ ታውቃለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «አሁን ውሃ ያለው የትኛው ኩሬ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከጎባ በላይ ወዳለው የሳነቲ ሜዳ ከሰሞኑ የወጣ ሰው መልሱን ሳያስብ ይናገራል። ነዳጅም ከጎባ ሳይወጡ ይሙሉ።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ተጠማዝዞ የአስታውን ጫካ አልፎ ሲወጣ ሳነቲ ይከፈታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ከፍተኛው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጅብራ እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል፣ መሬቱ በአመድማ ቁጥቋጦና በድንጋይ ተሸፍኗል፣ በመካከሉ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ተበትነዋል። አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በመጡ ማግስት በቀጥታ ወደዚህ መውጣት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መጥራት ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ከተቻለ ሁለት፣ ዲንሾ ወይም ጎባ ማደር ያስፈልጋል። ራስ ምታቱ ከጠና መድኃኒቱ መውረድ ብቻ ነው።

ከፍታው ሌላም ነገር ያበላሻል። አሥር እርምጃ በፍጥነት ከሄዱ በኋላ ልብ ስለሚመታ ባይናኩላሩ እጅ ላይ ይዘላል፤ ወፉ ላይ ማነጣጠር አይቻልም። መቀመጥ፣ ክርንን ጉልበት ላይ ማስደገፍ፣ ትንፋሽን ማስወጣት። እዚህ ቦታ ላይ 8 በ42 የሚባለው ባይናኩላር ከ10 በ42 የሚሻለው (የመጀመሪያው ቁጥር ማጉላቱ ነው) በዚህ ምክንያት ነው፤ ማጉላቱ በበዛ ቁጥር መንቀጥቀጡም ይጎላል። ለኩሬዎቹ ግን ቴሌስኮፕና ጠንካራ ትራይፖድ ያስፈልጋል። ትራይፖዱን እግሩን አሳጥረው፣ ቁጭ ብለው ይጠቀሙ፤ የሳነቲ ነፋስ የቆመውን ይገፋል። ሌላው የተለመደ ስህተት ባይናኩላሩን ማሞቂያ በበራበት መኪና ውስጥ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ነው። ማሞቂያው የሰውን ትንፋሽና እርጥብ ልብስ አየር ውስጥ ይበትነዋል፣ ቀዝቃዛው መስታወት ደግሞ ያንን እርጥበት ይሰበስባል፤ ሲወጡም ለብዙ ደቂቃ ጉም ለብሶ ይቆያል። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ በቦርሳው እንደተዘጋ ይሁን።

መኪናው ራሱ ጥሩ መደበቂያ ነው። ሞተር አጥፍቶ፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ መቀመጥ። ቼስትነት ኔፕድ የሚባለው ቆቅ ከአስታው ጠርዝ ወጥቶ መንገዱ ዳር ሲጭር ከመኪና ቢታይ ደንታ የለውም፤ በር ሲከፈት ግን ይጠፋል። ከመንገድ ወጥቶ መንዳት ግን በሁለት ምክንያት አይሞከርም፦ ከላይ የደረቀ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ውሃ ነው፣ ደግሞም የፍልፈል ጉድጓድ ነው።

ፍልፈሉ ላይ ላቆይዎት። ጎማው ሊገባበት የሚችለው ያ ጉድጓድ የሳነቲ ሁሉ ጎተራ ነው። ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ግማሽ አካሉን አውጥቶ በአፉ የሚደርስበትን ሣር ያጭዳል፣ ሰብስቦ ወደ ኋላው ይመለሳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሙርላንድ ቻት የምትባል ቡኒ፣ ክብ፣ ትንሽ ወፍ ቆማ ትጠብቃለች፤ ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ የሚወጣውን ትልና ነፍሳት ትለቅማለች። ስለዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ቻት ቆማ አንድ ቦታ ብቻ ስትመለከት ካዩ ያንኑ ቦታ ያነጣጥሩ፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ የፍልፈሉ ጭንቅላት ብቅ ይላል። ቀይ ቀበሮውም ያንኑ እየጠበቀ ከወዲያ አድፍጧል። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት በእነዚህ ተራሮች ላይ ነው፤ ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ውሻ ይዞ መምጣት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

ኩሬ ላይ የሚሠራው ሥራ ትዕግሥት ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ መሯሯጥ አያዋጣም፤ አንድ ኩሬ መርጦ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ቢያንስ 40 ደቂቃ መቀመጥ። መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ውሃውን፣ ቀጥሎ ጠርዙን፣ በመጨረሻ ከጠርዙ ወዲያ ያለውን ሣር። በሦስተኛው ዙር ነው ብሉ ዊንግድ ጉስ የሚታየው። አመድማ ቡኒ ዝይ ነው፣ ሣር ላይ ከድንጋይ አይለይም፣ የሚራመደው ጭንቅላቱን ወደ ጀርባው ሰብስቦ ነው። ስሙን ያወጣለት ፈዛዛ ሰማያዊ ትከሻ ቆሞ ሳለ ስለሚሸፈን ሰው «ይህ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ሲነሳ ብቻ ይገለጣል። በዋናው ክረምት በመንጋ ይሰበሰባሉ፣ በእርባታ ጊዜ ግን በጥንድ በጥንድ ይበተናሉ። ስለዚህ በዚህ ወቅት መንጋ አይፈልጉ፤ አንድ ኩሬ፣ አንድ ጥንድ።

በዚያው ውሃ ላይ ሂያጆቹ አሉ። ወንዱ ጋርጋኔ ዳክዬ ከዓይኑ በላይ ባለው ነጭ ማጭድ ከሩቅ ይለያል፤ ጠርዙ ላይ ውድ ሳንድፓይፐር ጭራውን እያወዛወዘ ይሄዳል። ነዋሪው ሩዲ ሼልደክ ደግሞ ቀይ ብርቱካንማ ሆኖ ሁለቱንም ያባርራል።

ንስሮቹ ላይ ብዙ ክርክር ይነሳል። ሳነቲ ላይ ቶውኒና ስቴፕ የሚባሉት ሁለቱም ፍልፈል ፍለጋ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ቡኒ ናቸው። ቀለም ላይ አይከራከሩ። ቴሌስኮፑን አፉ ላይ ያድርጉ፦ ቢጫው የአፍ መስመር ከዓይኑ መሐል ሥር ከቆመ ቶውኒ፣ እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ከዘለቀ ስቴፕ ነው። ቶውኒው ነዋሪ ነው። ስቴፑ ግን የካዛክስታንና የሩሲያ ሜዳ ሰው ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት እስራኤል ውስጥ ኤላት ላይ ሰማይ ሞልተው ሲያልፉ የሚታዩት የእሱ ወገኖች ናቸው። እዚያ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ቀና ብለው ቢያዩ ከእኛ በጋ የሚመለሱትን ያገኛሉ።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ደመናው ከሐረና ጫካ በኩል ይወጣል። መጀመሪያ ጅብራዎቹ ይደበዝዛሉ፣ ከዚያ በረዶ ይወርዳል፣ በሩብ ሰዓት ውስጥም ሜዳው ነጭ ይሆናል። ስለዚህ የሳነቲ ቀን ከንጋት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለመመለሻ ነው። ጠዋት የደረበውን ጃኬት 4 ሰዓት ላይ አውልቆ ቆዳውን ለፀሐይ የሚሰጥም ማታ ፊቱ ይላጣል።

ባሌ ድረስ መሄድ ለማይችል የአዲስ አበባ ሰው ሱሉልታ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ያለው ጨፌ ላይ ሩጄትስ ሬይል አለ፣ ጉሮሮው ብርቱካንማ የሆነው ሎንግክሎው አለ፣ ዋግቴሎቹም በዚያው ሰሞን ያልፋሉ። አጥርና ግንባታ በየዓመቱ ስለሚገፋው ያለፈው ዓመት ቦታ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል፤ ከመሄድዎ በፊት የሳተላይት ካርታ ላይ ውሃው የት እንዳለ ይዩ። እሑድ ጠዋት፣ ፕላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው፣ ከ2 ሰዓት በፊት።