ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ሳታዩ ለዌዘራይዜሽን አታመልክቱ

ይህን የምጽፈው ለእኛ አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ነው። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለዌዘራይዜሽን፣ ማለትም መንግሥት ብርድ የሚያስገባ ቤት ለሚያስተካክልበት ፕሮግራም፣ አመልክታ እኛ የደረሰንን ዓይነት «ተላልፏል» የሚል ደብዳቤ ይዛ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ብዙዎቻችን የምንገዛው አቅማችን የፈቀደውን አሮጌ ቤት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ፣ ጡቡ የሚያምር፣ ሙቀት ግን የማይይዝ ቤት። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ሙቀቱ በኮርኒሱ በኩል ይወጣል፤ ቢሉ ወደ እኛ ይመጣል። እናቴ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ደርባ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ አድርጋ ነበር የምትውለው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ከገቢው በአማካይ 8.6 በመቶ ለኃይል ይከፍላል፤ ሌላው ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ። እኛ ሰዎች ስንባል ይህን ጉዳይ እርስ በርሳችን እንኳ አናወራውም። ስለ ቤት ብድር እናወራለን፣ ስለ መኪና እናወራለን፤ የጋዝ ቢል ለመክፈል የተቸገረ ግን ለማንም አይናገርም።

የመንግሥት ድጋፉ ሁለት ነው፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል። ላይሂፕ የሚባለው ቢሉን ያግዛል፤ ቢሉ ሲከፈል እርሱም አብሮ ያልፋል። ዌዘራይዜሽን የሚባለው ደግሞ ቤቱን ራሱን ያስተካክላል፦ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ከኮርኒሱ በላይ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዝ ነገር) ይሞላል፣ የማሞቂያውን ደኅንነት ይመረምራል። ከ1976 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። ገንዘቡን የኢነርጂ ሚኒስቴር ለክፍለ ግዛቶች ይሰጣል፤ እነርሱ በአካባቢ ድርጅቶች በኩል ያሠሩታል። በየዓመቱ ቢል እየተከፈለልኝ ከምኖር ቤቴ አንድ ጊዜ ቢደፈን እመርጣለሁ፤ ለሚጠይቀኝም ይህንኑ እላለሁ።

የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ ካልበለጠ ማመልከት ይቻላል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ በቤቱ ውስጥ ኤስ.ኤስ.አይ. (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ወርኃዊ የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበል ወላጅ ካለ ቤተሰቡ በዚያው ብቁ ይሆናል፤ ዕድሜው 60 የሞላ ሰው ያለበት ቤትም ቅድሚያ ያገኛል። ተከራይም ባለቤቱ ከፈቀደለት ማመልከት ይችላል። «የግሪን ካርድ ጉዳያችንን ያበላሽብናል» የሚል ፍርሃት አለ። በ2022 በወጣው ደንብ እንዲህ ያለው የኃይል ድጋፍ «በመንግሥት ላይ ሸክም» ከሚያሰኙት ውስጥ አይቆጠርም፤ ደንብ ይለወጣልና ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ሰው ግን ጠበቃውን ይጠይቅ።

ማመልከቻው አያስቸግርም። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ቢል፣ የቤቱ ባለቤትነት ማስረጃ። አስገባን፣ ብቁ ናችሁ ተባልን፣ ወረፋ ጠበቅን።

ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መርማሪው በተባለው ቀን መጣ። ትሑት ሰው ነበር፤ ጫማው ላይ ፕላስቲክ አጥልቆ ገባ። ማሞቂያውን አየ፣ መስኮቶቹን ለካ፣ በር ላይ የሚገጠመውን ትልቅ ማራገቢያ ከመኪናው አውርዶ ሳሎን ውስጥ አቆመው። ይህ ማራገቢያ የቤቱን አየር ወደ ውጭ እየሳበ ነፋስ በየት በየት እንደሚገባ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ያለ እርሱ ሥራው አይጀመርም። ከዚያ በመተላለፊያው ኮርኒስ ላይ ካለችው መክፈቻ ሥር መሰላል ዘርግቶ ወጣ፤ ክዳኑን ገፋ አድርጎ ባትሪ አበራ። ጭንቅላቱን እንኳ ሙሉ በሙሉ አላስገባም። ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰና ወርዶ እጁን ጠረገ። «ዛሬ መቀጠል አልችልም፤ ቢሮው ይደውልላችኋል» አለ። እናቴ ቡና ማፍላት ጀምራ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ቡናው እኮ ደርሷል» አለችው፤ ተረጎምኩለት። አመስግኖ ማራገቢያውን ተሸክሞ ወጣ።

ቢሮው አልደወለም። የመጣው ደብዳቤ ነው፦ ቤቱ አሁን ባለበት ሁኔታ ለሥራ ዝግጁ ስላልሆነ ጉዳያችሁ ለጊዜው ተላልፏል የሚል። ምኑ ነው ዝግጁ ያልሆነው? ደብዳቤው ላይ የለም። ስደውል ጉዳያችንን የያዘችው ሠራተኛ «የደኅንነት ምክንያት» አለችኝ። የምን ደኅንነት ብዬ ስጠይቅ «ፋይሉ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው» አለች። ኃላፊዋን አቅርቡልኝ አልኩ። ኃላፊዋ «ስታስተካክሉት መልሳችሁ ደውሉ» አሉኝ። ምኑን ነው የማስተካክለው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው በዚያ ቢሮ አልነበረም።

እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ያቺ መክፈቻ ያለችው እናቴ ከምትተኛበት ክፍል በር ላይ ነው። ልጆቼ በየቀኑ በሥሯ ይመላለሳሉ። አንድ የሠለጠነ ሰው ከላይ አደጋ አይቶ ማሽኑን እስከማንሣት ከደረሰ፣ በዚያ ቤት የሚያድሩት ሰዎች ምን እንዳየ ሊነገራቸው አይገባም? በፕሮግራሙ አሠራር እኮ ሥራ ሲዘገይ ምክንያቱና መስተካከል ያለበት ነገር በጽሑፍ ለባለቤቱ መሰጠት አለበት። እኛ ይህ መብታችን መሆኑን የሰማነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የነገረን አንድ የአገራችን ሰው ነው፤ አሮጌ ቤት በማደስ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ፣ በሠፈራችን ሁላችንም ጋሼ የምንለው አናጺ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ እጁንና ስልኩን ብቻ በመክፈቻው አሾልኮ ፎቶ አነሣ። ወርዶ አሳየኝ። ግራጫና ወርቃማ ቀለም ያላቸው፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያብለጨልጩ፣ እንደ ፈንዲሻ የቀለሉ ፍሬዎች በአግዳሚ እንጨቶቹ መካከል ተነጥፈዋል። «ልጄ፣ ይህ ቨርሚኩላይት ነው» አለኝ። «እንዳትነካው። ዕቃም እዚያ እንዳታስቀምጥ፤ ልጆቹም አይውጡ።»

ቨርሚኩላይት ሲሞቅ የሚያብጥ ማዕድን ነው፤ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ የመጣበት ቦታ ነው። ከ1919 እስከ 1990 በአሜሪካ ከተሸጠው ቨርሚኩላይት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከምትባል ከተማ አጠገብ ከነበረ አንድ ማዕድን ማውጫ የወጣ ነው፤ በዚያ ማዕድን ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ነበረበት። የአስቤስቶስ ብናኝ ለብዙ ዓመት ወደ ሳንባ ከተሳበ ካንሰር ያመጣል። ለዚህ ነው የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ቨርሚኩላይት ያያችሁ ሰዎች አስቤስቶስ እንዳለበት ቁጠሩት፣ አትንኩት የሚለው። ማራገቢያው ቢበራ ኖሮ ብናኙን ከላይ ወደ መኝታ ቤታችን ይስበው ነበር። ስለዚህ መርማሪው ማቆሙ ትክክል ነው፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ዝም ብለው በተቀመጡት ላይ ነው።

ማስወገጃው ውድ ነው። አስቤስቶስ ለማንሣት ፈቃድ ያለው ድርጅት ያስፈልጋል፤ አቲኩን፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለውን ቦታ፣ ከቤቱ ለይቶ በፕላስቲክ ይሸፍናል፣ በትልቅ መምጠጫ ይስበዋል፣ ሲጨርስ አየሩን ያስመረምራል። የጠየቁን ገንዘብ በእጃችን አልነበረም። የእቁባችን ዳኛ ነገሩን ሲሰሙ ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተነጋግረው ተራውን ለእኛ አዛወሩልን፤ ያም ሰው ያለ አንዳች ማቅማማት ሰጠን። ይህን ውለታ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። መንግሥት በደብዳቤ ያሰናበተንን ቤተሰብ እቁብተኞቻችን አቆሙት።

ከተወገደ በኋላ ወረቀቱን ሁሉ ይዤ ለቢሮው ደወልኩ። ፋይላችሁ ተዘግቷል፤ የገቢ ማስረጃችሁም ጊዜው አልፏል፤ እንደ አዲስ አመልክቱ ተባልኩ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። የአካባቢውን ድርጅት ትቼ በቀጥታ ፕሮግራሙን ወደሚቆጣጠረው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። እዚያ ያነጋገረችኝ ሴት ታሪኩን ጸጥ ብላ ከሰማች በኋላ የጠየቀችኝ፦ «ከቤት ዝግጅት ፈንዱ ለምን አልተከፈለላችሁም?» ብላ ነው።

እንዲህ ያለ ፈንድ እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ። ከ2022 በጀት ዓመት ጀምሮ ኮንግረሱ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ገንዘብ መድቧል፦ ጣሪያው በሚያፈስ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ባረጀ፣ ሻጋታ ባለበት ወይም እንደ እኛ ቤት ቨርሚኩላይት ባለበት ምክንያት የሚመለሱ ቤቶች እንዲስተካከሉና ወደ ፕሮግራሙ እንዲገቡ። እኛን በመሰለ ቤተሰብ የተነሣ ሕግ አውጪዎች ተነጋግረው፣ ገንዘብ መድበው፣ ገንዘቡ እስከ አካባቢው ድርጅት ድረስ ወርዶ፣ ጉዳያችንን የያዘችው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አቃታት። ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ለሁሉም እንደማይደርስ ይገባኛል። ቢነገረንና አልቋል ብንባል እንኳ ቢያንስ እንጠብቃለን ወይስ እንበደራለን ብለን በራሳችን እንወስን ነበር። የተከፈለ ደግሞ አይመለስም፤ ፈንዱ ወደ ኋላ ሄዶ አይከፍልም።

ጥቂት የካሰን ሌላ ነገር ነው። ዞኖላይት በሚል ስም በተሸጠው ቨርሚኩላይት ምክንያት በፍርድ ቤት በኩል የተቋቋመ የካሣ ትረስት አለ፤ ማዕድኑ ዞኖላይት መሆኑ ከተረጋገጠ የማስወገጃውን ወጪ 55 በመቶ እስከ ተወሰነ መጠን ይመልሳል። ይህን የነገረን አስወጋጁ ድርጅት ነው። ከማንሣቱ በፊት ፎቶ አንሥቶ ናሙና በማስቀረቱ ጥያቄያችን ተቀባይነት አገኘ። ማስረጃ ሳይያዝ ከተጠረገ በኋላ ምን አሳይቶ ይጠየቃል? የእቁቡን ዕዳ ከፊሉን በዚህ ዘጋን።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። መርማሪው እስኪመጣ ጠብቁ፣ ምንም አታድርጉ የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤታችሁ ከ1990 በፊት የተሠራ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት መክፈቻዋን ቀስ ብላችሁ ገለጥ አድርጉና ከመሰላሉ ሳትነሡ በስልክ ፎቶ አንሡ። ወደ ውስጥ አትግቡ፣ ምንም አትንኩ። የሚያብለጨልጭ ፍሬ ካያችሁ ክዳኑን መልሱ፤ ማመልከቻውን ስታስገቡ ስለ ዝግጅት ፈንዱ በዚያው ቀን በጽሑፍ ጠይቁ። ጣሪያው ካፈሰሰ፣ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ካለ እንዲሁ። በስልክ የተባለውን ሁሉ በኢሜይል አስደግሙ። «ተላልፏል» ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ፤ የአካባቢው ቢሮ ካልመለሰላችሁ ክፍለ ግዛቱ ጋር ደውሉ። ጨዋነት ጥሩ ነው፤ ዝምታ ግን በዚህ አገር ወረፋ ያስረሳል።

ነገ ዛሬ አትበሉ። በኤፕሪል 2025 ላይሂፕን በፌዴራል ደረጃ የሚያስተዳድሩት ሠራተኞች በሙሉ ተሰናበቱ፤ በዚያው ዓመት ከኦክቶበር ጀምሮ መንግሥት ሲዘጋ ደግሞ ገንዘቡ ብርዱ ከገባ በኋላ ነው የተለቀቀው። ዘንድሮ ያለ ገንዘብ ለከርሞ መኖሩን ማንም አያረጋግጥላችሁም።

ስለ መስኮትም አንድ ነገር ልበል። ወገኖቻችን ቢል ሲበዛባቸው መጀመሪያ የሚሮጡት መስኮት ለማስቀየር ነው፤ ሻጮቹም በር እያንኳኩ ያሳምኗቸዋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ሥራ የሚያድነው ገንዘብ ከወጪው ማነሱን ወይም መብለጡን አስልቶ ነው የሚሠራው፤ መስኮት በዚያ ስሌት የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ገንዘባችሁን ከላይ ጀምሩ።

በሁለተኛው ማመልከቻ ሁሉም ነገር ያለ ችግር ሄደ። ማራገቢያው በራ፤ ነፋሱ በኤሌክትሪክ ሶኬቶቹና በመብራቶቹ ዙሪያ ሲገባ በጭስ አሳዩን። ስንጥቁ ተደፈነ፣ አቲኩ በወረቀት ክር ኢንሱሌሽን 14 ኢንች ያህል ተሞላ። እናቴ ጋቢዋን አሁንም ትደርባለች፤ ስለምትወደው ነው።

ፕሮግራሙ አንድ ቤት ከሠራ በኋላ 15 ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ አይሠራም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ጨርሰናል ሲሉ ቶሎ አትፈርሙ። የመጨረሻው ተቆጣጣሪ መጥቶ እያንዳንዱን ሥራ እንዲያይ ግዴታ አለ፤ እርሱ ባለበት መሰላሉን አስዘርጉና እናንተም እዩ። እኛ ቤት በመክፈቻዋ ክዳን ዙሪያ የሚደረገው ላስቲክ ተረስቶ ነበር፤ ሳንፈርም በመቆየታችን በማግስቱ መጥተው አደረጉት።