ማህተም የሌላት ድብ፦ ከስቶክሆልም እስከ ቦርንሆልም

እሑድ ጠዋት ስቶክሆልም መሃል፣ ሆቶርየት አደባባይ ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ይህች ድብ የተገኘችው እዚያ ነው፦ ቁጭ ያለች፣ ቡናማ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆን ሽፋን) የለበሰች የሸክላ ድብ፣ ቁመቷ 11.4 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 386 ግራም። ሻጩ «የሊሳ ላርሰን ሥራ ናት» አለኝ። ገልብጬ ባያት ስምም፣ ቁጥርም፣ የተለጠፈ ወረቀትም የለም።

ስዊድን ውስጥ ስም የሌለው የሸክላ እንስሳ ብዙውን ጊዜ ለስዊድናዊቷ የሸክላ ጠቢብ ለሊሳ ላርሰን ይሰጣል። የሸክላ ንድፍ አውጪው ስቲግ ሊንድበርግ በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም አቅራቢያ ወዳለው የጉስታቭስበርግ የሸክላ ፋብሪካ ካስገባት ጀምሮ እስከ 1980 እዚያ ሠርታለች። ድመቶቿና አንበሶቿ እስከ ጃፓን ድረስ ይፈለጋሉ፤ ስሟ ሲጠራ ዋጋው ይወጣል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የእሷን ሥራ ያራክሳል፣ እውነተኛውን ሠሪ ደግሞ ጭራሽ ያስረሳል።

ማህተም አለመታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ የወጣው ወረቀት ብቻ ተለጥፎበት ነው፤ ወረቀቱ ታጥቦ ይሄዳል። አንዳንዱ ማህተም በግሌዝ ይሞላል። አንዳንዱም ጠረጴዛ እንዳይቧጥጥ ተብሎ ከሥር በተለጠፈ ጨርቅ ይሸፈናል። ስለዚህ ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ታቿን መረመርኩ። የክፍሉን መብራት አጥፍቼ የእጅ ባትሪውን ከጎን፣ ዝቅ አድርጌ አበራሁ፤ ከላይ የሚወርድ ብርሃን ጥልቀት የሌለውን ጽሑፍ ይውጠዋል፣ የጎኑ ግን ጥላ ያወጣለታል። ቀጥሎ ስስ ወረቀት አልብሼ በለስላሳ እርሳስ ጎን አሸሁት። ፊደል አልወጣም። በብብቷ በኩል ግን የፎርማ መገጣጠሚያ መስመር ታየ፤ በእጅ የተበጀች ሳትሆን ፈሳሽ ጭቃ በጀሶ ፎርማ ተፈስሶ የወጣች ናት። ታቿ ላይ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ አለ፤ የተረፈው ጭቃ የተገለበጠበት፣ እቶን ውስጥም የታመቀው እንፋሎት የወጣበት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው የውኃ ጠብታ ነው። ግሌዝ ያልነካው የመቀመጫዋ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አድርጎ መቁጠር ይበቃል። ከ1200 ዲግሪ በላይ የተተኮሰ፣ ድንጋይ የሚያህል ጥብቅ ሸክላ ጠብታውን ሉል አድርጎ ያቆየዋል። ከዚያ ባነሰ ሙቀት፣ በ1000 እና በ1150 መካከል የተተኮሰው ለስላሳ ሸክላ ግን እንደ ገል ይመጠዋል። ድቧ በአራት ሰከንድ ጠጣችው፤ ጠቆር ያለ ክብ ብቻ ቀረ። ፈተናው የሚያሳስተው የቀድሞው ባለቤት ሰም ቀብቶት ወይም ሙጫ ነክቶት ከሆነ ነው፤ ያኔ ለስላሳውም ሸክላ ጠብታ ያቆማል። ጠርዙን አስቀድሞ በአልኮል ጠርጎ አንድ ቀን ማድረቅ ያስፈልጋል። አሴቶን ግን አይነካም፤ ሳይተኮስ የተቀባ ቀለምንና የድሮ ጥገናን ያነሳል። ጥገና መኖሩን በዩቪ ባትሪ ማየት ይሻላል፤ አብዛኛው ሙጫ በጨለማ ያበራል።

በማግስቱ ከስቶክሆልሙ ስሉሰን በ474 ቁጥር አውቶቡስ ጉስታቭስበርግ ደረስኩ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በ1825 የተቋቋመው ፋብሪካ ምልክቱ መልሕቅ ነው፤ ሙዚየሙም ወደብ ዳር ይገኛል። በመስታወት ውስጥ ያለውን መገልበጥ አይቻልም። ስለዚህ በአካባቢው ካሉት ያገለገለ ዕቃ ሱቆች በአንዱ፣ ባለ ሱቁን አስፈቅጄ የሊሳ ላርሰን ስም ያለባቸውን ሰባት እንስሳት ገለበጥኩ። በሰባቱም ጠርዝ ላይ ጠብታው ቆመ፤ ጭቃቸው ጥቁር ቡናማ፣ ደቃቅ ጠጠር የተቀላቀለበት ነው። የእኔዋ ጠርዝ ቢጫማ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የሊሳ ላርሰን ስም እዚያው ወረደ።

በዚሁ መንገድ ሌሎችም ይወድቃሉ። የኮፐንሃገኑ ክኑድ ኪውን ለሮያል ኮፐንሃገን ፋብሪካ የሠራቸው ድቦች ቡናማ ግሌዝ ስላላቸው ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ እነሱ ግን ጥብቅ ሸክላ ናቸው፣ ከታችም የፋብሪካው ምልክት የሆኑ ሦስት የማዕበል መስመሮችና ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር አላቸው። የስዊድኑ የሮርስትራንድ ፋብሪካ ሠሪ የጉናር ኒውሉንድም እንስሳት እንዲሁ ጥብቅ ናቸው። ሌላው የስዊድን ፋብሪካ ኡፕሳላ ኤከቢ ለስላሳ ሸክላ ይሠራ ነበር፤ የሞዴል ቁጥሩን ግን ጭቃው ውስጥ አጥብቆ ስለሚያትም ድቧ ላይ ባዶ መሆኑ ያጠራጥራል።

ቅጂ ትሆን እንደሆነም መለካት ነበረብኝ። አንድ ሰው ከተተኮሰ ዕቃ ላይ አዲስ ፎርማ ካነሳ፣ የሚያፈሰው ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከመቶ ወደ 10 ገደማ ይሸበሸባል። ዋናው 12.6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቅጂው 11.4 አካባቢ ይወጣል ማለት ነው። የጠጉሩ ጭረቶችም ጠርዛቸው ይሟሟል። ድቧ ጀርባ ላይ ያሉት ጭረቶች በጥፍር ሲነኩ አሁንም ይቆረቁራሉ፤ ከቅጂ ይልቅ ወደ ዋናው ፎርማ ታደላለች። ፋብሪካዎች አንዱን ሞዴል በሁለትና በሦስት መጠን ስለሚያወጡ ቁመት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጭረቱ ነው የሚፈርደው።

እኛ አገር ጀበና ገልብጦ ማህተም የሚፈልግ የለም፤ ገበያተኛው የየትኛው መንደር ሥራ እንደሆነች ከአፏና ከጭቃዋ ይለያል። ቢጫ ሸክላ ወዳላት የዴንማርክ ደሴት ወደ ቦርንሆልም የሄድኩት በዚያ ዓይን ነው። ከስቶክሆልም በባቡር ማልሞ፣ ከዚያ ኢስታድ፣ ከኢስታድ በመርከብ የደሴቱ ከተማ ሮነ፤ የባሕሩ ጉዞ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ትንሿ ከተማ በ1835 የተመሠረተው የሶሆልም፣ በ1859 የተከፈተው የዮርት፣ እንዲሁም የሚካኤል አንደርሰን የሸክላ ፋብሪካዎች መኖሪያ ነበረች። የዮርት ምልክት አጋዘን ነው፣ የአንደርሰን ሦስት ዓሣ። የዮርት ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ውስጡም ጭቃ የሚሠራበት ቦታ አለ።

ድቧ ከጆሮዋ ሥር 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን ስባሪ አለባት። ውስጧን የሚያሳየው ይህ ብቻ ስለሆነ መስኮት ዳር፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱም ደርቀው፣ ከደሴቱ ቢጫ ሸክላ ስብርባሪ ጎን አስጠጋኋት። እርጥብ ሸክላ ይጠቁራል፣ የአምፖል ብርሃንም ሁሉን ቢጫ ያደርጋል። ቀለሙ ገጠመ፤ ግሌዙም ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በስፖንጅ የተጠረገበት አኳኋን እዚያ ካየኋቸው ጋር አንድ ነው። ግን ፋብሪካዎቹ የደሴቱን ሸክላ ይጋሩ ስለነበር ቀለሙ ደሴቱን እንጂ ፋብሪካውን አይነግረንም።

ማታ መርከቡ ላይ የድቧን ወረቀት ጻፍኩ፦ «የተቀመጠች ድብ። ለስላሳ ሸክላ፣ በፎርማ የተፈሰሰ፣ ቡናማ ግሌዝ። 11.4 ሴንቲ ሜትር። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ቦርንሆልም ሳይሆን አይቀርም። ማህተም የለም። ፋብሪካውና ሠሪው አልታወቁም። ከግራ ጆሮ ሥር ስባሪ።»